በጊዜው የደረሰ ኮምፒዩተር

መስከረም 19 ቀን፣ ማክሰኞ

ለናፈቅከኝ ለልጄ አባት፣

እኔም ልጃችንም ደህና ነን። ይህን ያስቀደምኩት በዚህ ሰሞን ከእኛ በኩል የሚመጣ ነገር ሁሉ ልብ እንደሚያስደነግጥ ስለማውቅ ነው። ትንሿን ጉንፋን አስተኝቷት ነበር፤ አሁን ለቋታል። የፊት ጥርሷ ወልቆ ሰኞን “ተኞ” እያለች ታስቀኛለች፣ የአሁኑ ሳቄ ሳቅ ከተባለ። አንተስ? እዚያ ድልድዩ ላይ ነፋሱ እንዴት ነው? እባክህ “አንዲት ስፌት ናት” እያልክ መነጽሩን ሳታደርግ አትበይድ። ዓይንህን እንደምትፈልገው አስብ።

ለቀብሩ እንዳልደረስክ ማንም አልወቀሰህም። መንገዱ ተቆርጦ እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ግን ስልኬን አታነሳም። የላክህልኝ ነገር ያቺ አንዲት መልእክት ብቻ ናት፤ “ኮምፒዩተሩ ቀደም ብሎ ቢገዛ ኖሮ እማዬ ትተርፍ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።” ደጋግሜ አነበብኳት። ብዙ መልስ ጀመርኩና አጠፋሁት። በስልክ ፊደል ተቆራርጦ የሚነገር ነገር አልሆነልኝም፤ ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ታናሽህ ምን ብሎ እንደነገረህ ገምቻለሁ። “ቢሮዋ በግዢ ሲጓተት እማዬን አስበላት” ሳይልህ አልቀረም፤ እዚህም ለሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። የተጓተተ ነገር አለ፣ አልዋሽህም። ነገሩን ግን ከሥሩ ልንገርህ።

ክረምቱ እንደገባ ከጋራው ሥር ያለው የድጋፍ ግንብ ላይ ስንጥቅ አየን። መጀመሪያ ጥፍር አያስገባም ነበር። ትንሽ ቆይቶ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩበት። ጋራው ላይ የተከልናቸው መለኪያዎችም መራመድ ጀመሩ፤ በቆፈርናቸው ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ውሃም ከፍ አለ። እኔ የመሬት ጥናት ሰው ነኝና ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ኃላፊያችን ዘንድ ገብቼ “ይሄ ጋራ ይሄዳል” አልኳቸው።

“ሁሉም?” አሉኝ።

“ሁሉም አይመስለኝም። ከጅረቱ ወዲህ ያለው ወይም ወዲያ ያለው።”

“እኔ ያለኝ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ የሰፈሩን ግማሽ በግድ ይይዛል። የቱ ወገን እንደሆነ አምጪልኝ፣ በዚያው ቀን አነሳዋለሁ። ሳታውቂ ግን አታስነሺኝ። አንዴ ተሳስተን ካስነሳናቸው ሁለተኛ አይሰሙንም።”

እውነታቸውን ነበር። የእናትህ የእማማ ቤት ከጅረቱ ወዲያ እንደሆነ ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። የዘመዷን ቤት ለማዳን ነው የምትሯሯጠው እንዳይሉኝ ፈራሁ።

የቢሮውን ኮምፒዩተር ታውቀዋለህ፤ ያኔ ልትወስደኝ ስትመጣ “ይሄ ነገር ያንኮራፋል” ያልከው ነው። ስሌቱ የሚሠራው ጋራውን በትንንሽ ጡብ ከፋፍሎ ነው። እያንዳንዱ ጡብ ጎረቤቱን ስንት እንደሚገፋ፣ ውሃ ሲጠጣ ስንት እንደሚከብድ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያሰላል። ጋራውን በሙሉ ስሰጠው ራሙ፣ ስሌቱን ይዞ የሚያስብበት ቦታ፣ ይሞላል፣ ከዚያ ትርፉን ዲስኩ ላይ ማስቀመጥና ማንሳት ይጀምራል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ቆራርጬ በየቁራጩ ስሰጠው ይሠራ ነበር። ግን የሚናደው ቁራጭ ጋራ አይደለም።

ስለዚህ ኮምፒዩተር ፍለጋ ወጣሁ።

ዕቃ መሸጫዎቹ ከድሮው ሲኒማ ቤት ጀርባ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሱቅ በመጨረሻ የተግባባሁት “ቀዝቀዝ” ከሚሉት ሰውዬ ጋር ነው። ስሙ የወጣለት፣ ደንበኛ ምን ሊጠይቅ ቢገባ እሱ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ማቀዝቀዣ ስለሆነ ነው። ፊቱም ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ይመስላል። ገና ስገባ አንድ ማዘርቦርድ ላይ አጎንብሶ አቧራ እየነፋ፣ “ምን ልትጫወችበት ነው?” አለኝ።

“ጋራ ልንድበት” አልኩት።

“ይሄን ጌም አላውቀውም” አለ፣ ቀና ሳይል።

ስነግረው ቀና አለ። የሚስቱ እህት እዚያው ከጋራው ሥር እንደምትኖር ነገረኝና ወንበር ሳበልኝ።

አንተ ዕቃ ሳትመዝን የማትገዛ ሰው ስለሆንክ ምርጫውን በዝርዝር ልንገርህ፤ ሻጩ አታልሏታል ብለህ እንዳታስብ። የማሽኑ አንጎል የሆነውን ፕሮሰሰር ሁለት ዓይነት ፊቴ አስቀመጠ። አንደኛው አዲስ የወጣ ነው፤ ፎቶው በየሱቁ መስታወት ላይ ተለጥፏል፣ ወጣቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ሁለተኛው ያለፈው ዓመት ነው፤ ፍጥነቱ ቀነስ ይላል፣ ኮሩ ግን ከአዲሱ እጥፍ ነው፤ ማዘርቦርዱም፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ የራም ማስገቢያው ብዙ ነው። ኮር ማለት ሠራተኛ በለው። ቀዝቀዝ አዲሱን ገፋ አድርጎ፣ “ይሄ ነው እህቴ። ያኛው ሲያሮጥሽ ይሄ ደርሶ ይጠብቅሻል” አለኝ።

“በወሬ አልገዛም። ልሞክራቸው።”

“እዚህ?”

“እዚህ።”

በፍላሽ የያዝኩትን ከጋራው ላይ አንድ ትንሽ ቁራጭ ሁለት ማሽን ላይ ጫንኩ። ከጎናችን ተማሪዎች በሌላ ማሽን ላይ የተኩስ ጌም ይጫወታሉ፣ ይጯጯሃሉ፤ እኔ የእናትህን ሰፈር አፈር እየቆጠርኩ ነው። በትንሹ ቁራጭ አዲሱ በለጠ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። ቀዝቀዝ ክንዱን አጣምሮ “አላልኩሽም?” አለ። ከዚያ ትልቁን ቁራጭ ሰጠኋቸው። የአዲሱ ፋን መጮህ ጀመረ። እየሄደ፣ እየሄደ፣ ያዝ አደረገው። ያ ያለፈው ዓመት ያልነው፣ ሳይቸኩል መጥቶ አለፈው። ቀዝቀዝ አጎንብሶ ቁጥሮቹን ደጋግሞ አየና እጁን ፈታ።

ምክንያቱን እንዲገባህ በአንተ ሥራ ልንገርህ። ጎበዝ በያጆች ሰብስበህ ብረት የሚያቀብላቸው አንድ ሰው ብቻ ብታቆም፣ እጃቸው ምንም ቢፈጥን ቆመው ይጠብቃሉ። አዲሱ እንዲያ ነው። ሁለተኛው አቀባዩ ብዙ ነው። ትንሽ ሥራ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ሙሉ ጋራ ሲሆን ግን ሁሉም ነገር እሱ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል። ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። “ያለ እሱ ዕውር ማሽን ነው የምትወስጂው” አለኝ። የኛ የስሌት ፕሮግራም አሮጌ ነው፤ ለካርዱ ሥራ ማከፋፈል አያውቅም። ብገዛው እዚያ ውስጥ ተቀምጦ መብራት ይበላል እንጂ አንድ ጡብ አያነሳልኝም። ምስል የሚያሳየኝን ርካሹን አድርግልኝና የእሱን ገንዘብ ራም ላይ አፍስሰው አልኩት። ራሱን በራሱ የሚያርም ራም ነበር፣ እሱን ብመኝም አቅማችን አልደረሰም፤ ተራውን ወስጄ በደንብ ልፈትሸው ወሰንኩ። ፓወር ሳፕላዩ ላይ ግን አልቆጠብኩም። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ከተማ ርካሽ ፓወር ሳፕላይ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀዝቀዝ ሁሉንም ጽፎ ሲጨርስ “በሕይወቴ መብራት የሌለው ኬዝ የመረጠ ደንበኛ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ይበራል።

የተጓተተው ከዚህ በኋላ ነው።

የግዢ ኃላፊያችንን ቢሮ ውስጥ “አቶ ሦስት ዋጋ” እንላቸዋለን። እርሳስ እንኳ ብትጠይቃቸው ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አምጡ ነው የሚሉት። እኔ ያመጣሁት ሁለት ነበር፤ ያንን ማዘርቦርድ የያዘ ሦስተኛ ሱቅ አላገኘሁም።

“ሦስተኛው የታል?”

“ሌላ ሱቅ ዕቃው የለውም።”

“እንግዲያውስ ሦስት ሱቅ ያለውን ግዢ። ደግሞ አዲስ እያለ ያለፈው ዓመት የሚገዛው ለምንድን ነው? ኦዲተር ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?”

“ሦስት ሱቅ ያለው ጋራውን አይሸከምልኝም።”

“እኔ ጋራ አላውቅም እህቴ። እኔ የማውቀው ወረቀት ነው።”

ተናደድኩ። እጃቸውን ይዤ፣ አዎ የሰውዬውን እጅ ይዤ፣ ወደ መስኮቱ ወሰድኳቸው። ጋራው ከዚያ ፊት ለፊት ነው። ጉም ለብሶ ነበር፤ ከሥሩ ግን ቤቶቹ ይታያሉ፣ የተሰጣ ልብስም ይታያል። እሳቸውም አይተው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በዝናብ በስብሰው መጡ። ከኮታቸው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ከተማው ዳር፣ ከከባድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ አንድ ሱቅ አግኝተው ሦስተኛውን ፕሮፎርማ ራሳቸው አጽፈው ነው የመጡት። “አሁን ይፈረማል” አሉኝ፤ ተፈረመም። ታናሽህ የሚረግማቸው ሰው እኚህ ናቸው። ቢረግማቸውም አይፈረድበትም፣ ግን አንተ እንድታውቅ ብዬ ነው።

ቀዝቀዝ ዕቃውን ተሸክሞ ቢሮ ድረስ መጥቶ እዚያው ገጣጠመው። ራሞቹን ስፈትሽ አንደኛዋ ስህተት አወጣች። የምትለወጥበት ሌላ ሱቁ ውስጥ አልነበረችም። ሄደና ከገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ነቅሎ ያመጣትን ተካልኝ። ከዚያ የኬዙን ጎን ከፍቶ አንድ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፊቱ አቆመና፣ “ሲሠራ ሰው አይንካው፣ ዝም ብሎ ይተንፍስ” ብሎን ሄደ።

ሠራ። የሳምንቱን መጨረሻ በሙሉ ሳይቆም ሠራ። ሰኞ ጠዋት ገብቼ መጋረጃውን እንኳ ሳልከፍት አየሁት። ጋራው ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነበር፣ ወገቡ ላይ ቢጫ፣ ከጅረቱ ወዲያ ግን ከጫፉ እስከ ሥሩ ቀይ። የውሃውን መጠን ቀይሬ አንዱን ወገን ብቻ እንደገና አሠራሁት። ያው ነው። ኃላፊያችን ሳይቀመጡ ይጠብቁ ነበር፤ “እርግጠኛ ነሽ?” አሉኝ። “እርግጠኛ ነኝ” አልኩ። አልተከራከሩኝም። በዚያው ቀን የጭነት መኪኖቹ ወጡ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የኮምፒዩተሩ ታሪክ ነው።

እማማ ቤት ራሴ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ የወረደውን ጭቃ በአካፋ እየጠረጉ ነበር። ነገርኳቸው።

“ይሄዳል ያለው ማነው?”

“ስሌቱ ነው እማማ።”

“ስሌቱ ማነው? እዚህ ሰፈር አላውቀውም።”

“ኮምፒዩተሩ እማማ። አዲሱ።”

“ልጄ ይህን በር በያይዶ ሲያቆምልኝ ያ ሣጥን የት ነበረ? አሁን መጥቶ ነው ቤትሽን ልቀቂ የሚለኝ?” አሉ። ሳቁ። ታውቃቸዋለህ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ።

ስልኬ ላይ ያለውን ምስል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አምጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። ጅረቱን ራሳቸው አገኙት። “እኔ የቱ ጋ ነኝ?” አሉኝ። ቀዩ ላይ ጣቴን አደረግኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ “እንግዲህ እንዲህ ከቀላሁ መነሳቴ ነው” አሉ። ሻንጣቸውን አብረን ሞላን። የአባትህን ፎቶ ከግድግዳው ላይ አውርደው በፎጣ ጠቀለሉት። ምድጃውን አጠፉ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው መኪናውን መጠበቅ ጀመሩ። ከማንም በፊት ተዘጋጅተው ነበር። ይህን እወቅልኝ፤ ተዘጋጅተው ነበር።

ስልካቸው ጮኸ።

“ወይ ልጄ! ድልድዩ እንዴት ነው? ነፋሱስ?” ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ከዚያ ስለ መኪናው ተናገሩ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ኮምፒዩተሩ። ከዚያ ማዳመጥ ጀመሩ። “እሺ… አዎ፣ እኔም ብያታለሁ እኮ… እሱስ ማሽን ነው… የበሩ ቁልፍም እንደነገሩ ነው፣ ሌባ… እሺ። እሺ ልጄ፣ አንተ ካልክ።”

በወዲያኛው ጫፍ የተባለውን አልሰማሁም።

ስልኩን ሲዘጉ ጫማቸውን አወለቁ።

“እማማ?”

“ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ዛሬ ዕቃዬን ልሰብስብ፣ በሩን ላጠባብቅ። አንድ ቀን ምን ያመጣል?”

ለመንኳቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ጫማውን መልሼ ላጠልቅላቸው ሞከርኩ፤ እንደ ልጅ እግራቸውን ሰበሰቡብኝ። “ኧረ አታሳፍሪኝ” አሉ። ወጣ ብዬ መልሼ ደወልኩ፤ መስመሩ አልገባም። ኔትወርኩ እዚያ እንደሚመጣና እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ሌሎቹ ቤቶች እየጠበቁኝ ነበር። ሰው እየጮኸ ይጠራኛል፣ አንዷ ከነልጆቿ መንገድ ላይ ቆማለች፣ አንዱ ፍየሎቹን ሳልይዝ አልሄድም ይላል። ሄድኩ።

አመሻሹ ላይ አቶ ሦስት ዋጋን ይዤ ተመለስኩ። በየቤቱ ሲያንኳኩ ነው የዋሉት፤ እንዲያደርጉ ማንም አላዘዛቸውም። “እማማ፣ እኔ በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ ዛሬ ልለምንዎት” አሏቸው። እማማ የሰውዬውን በዝናብ የበሰበሰ ራስ አይተው ፎጣ አመጡላቸው። የአባትህ ፎቶ የተጠቀለለበትን ፎጣ። ፎቶው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። “ነገ ጠዋት” አሉ፣ “ቃሌ ነው።”

ጠዋት ፖሊሶች ይዤ መጣሁ፤ እምቢ ካሉ ተሸክመናቸው ልንወጣ። የጅረቱን መሻገሪያ ገና አልተሻገርንም ነበር። ሰው ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነው ይላል። እኔ የሰማሁት ግን ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲተነፍስ ዓይነት ነው። ዛፎቹ እንደቆሙ መሄድ ጀመሩ። ቀጥ ብለው ቆመው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ጣራዎቹ አብረው ሄዱ። አንዱ ፖሊስ ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ስክሪኑ ላይ ያየሁት መስመር ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከጅረቱ ወዲህ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተንከባለለም።

ከወዲያኛው ቤቶች ሁሉ ሰው የነበረበት አንዱ ብቻ ነው።

ታናሽህ የሚነዳውን ታክሲ መንገድ መሃል ጥሎ መጣ። ቆፋሪ ማሽን እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በአካፋ፣ በኋላም በእጁ ነው የቆፈረው። ጥፍሮቹ ተነቃቅለዋል። ሲያገኛቸው ፊታቸው ደህና ነበር፣ ይህን ነግሮህ ይሆናል፤ ካልነገረህ እኔ ልንገርህ፣ ደህና ነበር። ፀጉራቸውን እኔ አበጠርኩላቸው።

እንግዲህ የጠየቅከኝ ይህን ነበር። ኮምፒዩተሩ በጊዜው ደርሷል። ምርጫውም ትክክል ነበር። ፕሮፎርማው ባይጓተት ኖሮ መኪኖቹ ቀደም ብለው ይወጡ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን እማማ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ መኪናውን እየጠበቁ ነበር። ከዚህ በላይ ማሽን ምን ያደርጋል?

ሌላም ነገር ልበልህ። ከሩቅ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ጋራ ሁልጊዜ ጋራ ነው። ልጅ ሆኖ የወጣበት፣ በካርቶን የተንሸራተተበት፣ እናቱ ከሥሩ ሆና የጠራችው ጋራ ነው። ስንጥቁን በእጄ ባልነካው፣ ያን ቀይ በዓይኔ ባላየው፣ እኔም ለሣጥን ወሬ ብዬ እናቴን ከቤቷ አላስወጣም ነበር። ማንም አያስወጣም።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቤት እስኪሰጣቸው እዚያው ናቸው። የቀዝቀዝ ሚስት እህትም አለች፤ ከጅረቱ ወዲያ ነበረች፣ ከነልጆቿ ተርፋለች። ቀዝቀዝ ቢሮ ድረስ መጥቶ ሊያመሰግነኝ ሞከረና አልቅሶ ሄደ። ራሙንም አልቀበልም አለ። አሁን ከጅረቱ ወዲህ ያለውን ወገን ለሚቀጥለው ክረምት እያሰላሁ ነው። ሠርቼ ስመለስ ትንሿ “የሠራሽው አያቴን ባየው ኮምፒዩተር ነው?” ትለኛለች። አዎ እላታለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ እሱን ሳልነግርህ ብቀር ይሻል ነበር፤ ግን ሳታውቀው እንዳትመጣ ፈራሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት የመጨረሻው መኪና ላይ ስትወጣ፣ “አይመጡም እንዴ?” ብላ እማማን ጠይቃቸው ነበር። “ስልክ ተደውሎልኝ ነው፣ ለነገ ይደርሳል ተብያለሁ” አሏት። ማን እንደደወለ አልነገሯትም። እሷ ይህን ለታናሽህ ነገረችው። ከቀብሩ ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆመኝ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስልኩን አፈሩ ውስጥ ፈልጎት ነበር፤ አልተገኘም።

“የደወለላት ማነው?” አለኝ። “ንገሪኝ። ማንም ይሁን ማን፣ እስክሞት ፊቱን አላይም።”

“እኔ ነኝ” አልኩት።

ፊቱን አዞረብኝ። ከዚያ ሄደ። ቤታችን መምጣት ትቷል፤ ትንሿን መንገድ ላይ ሲያገኛት ይስማትና ያልፋል። እኔን የሚጠላ ሰው ሌላም አለ፣ ኖሬበታለሁ፣ እኖርበታለሁ።

ስትመጣ መጀመሪያ ወደ እኔ ና። እሱ ቢጠይቅህ ምንም አትበለው፤ ከእናቱ በኋላ የቀረኸለት አንተ ብቻ ነህ።

የላይኛው ጌታ ከፍታ ላይ እግርህን ያጽናልህ። ዓይንህን ይጠብቅልህ። እንቅልፍም ይስጥህ፣ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ ይስጥህ።

ሁልጊዜ ያንተው፣
የልጅህ እናት